ሁለት በሽታ ያለበት ውሻ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በነበረበት ጊዜ እኔ አማኑኤል ከተማ ከብት አክም ነበር። አንድ ቀን የጦሩ አዛዥ ሁለት ባንዳ ልኮ አስወሰደኝ፤ ለካስ የታመመው ውሻው ኖሯል። ጠጉሩ ረግፎ የተሸለተ በግ መስሏል። በትምባሆ ውኃ ሲያጥቡት ከርመው ግማሹ ቢሽርም ግማሹ ብሶበታል። አስተርጓሚው የማርቆስ ሰው ነው፤ "ካልዳነ መታሰርህ ነው" አለኝ።

የጆሮውን ጫፍ በጣቴ ሳሸው የኋላ እግሩ ለብቻው ማከክ ጀመረ፤ ይህ የእከክ ምልክት ነው። ጀርባው ላይ ግን ክብ ክብ የተላጠ ቦታ አለ፤ ያ ደግሞ ጭርት ነው። "ሁለት በሽታ ነው ያለበት። እከኩን ትምባሆው ይዞለታል፤ ለጭርቱ ግን ድኝ በቅቤ ለውሰን እንቀባዋለን" አልሁት። ቀና ስል አዛዡ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ያካል። እዚያም ያው ክብ ነገር አለ።

"ከውሻው ተጋብቶባቸዋል በልልኝ" አልሁ።

"ሹሙንና ውሻውን አንድ በሽታ ያዛቸው ብዬ ልናገር?"

"ያስያዝኋቸው እኔ አይደለሁም።"

አስተርጓሚው ላቡን ጠርጎ ነገረው። አዛዡ ክንዱን አየ፤ ውሻውንም አየ። እኔ ግቢው ውስጥ ያለውን የእስር ቤት በር እያየሁ ነበር። ኋላ "መድኃኒቱ አንድ ነው ወይ?" ብሎ አስጠየቀኝ።

"አንድ ነው። ግን ከውሻው እንጀምር፤ አለዚያ መልሶ ያጋባባቸዋል።"

አዛዡ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠና ተራውን ጠበቀ። በወሩ ሁለቱም ዳኑ። ወደ አገሬ ስመለስ እስከ ግቢው በር ድረስ የሸኘኝ ውሻው ነው።