ለአያቴ በቁማቸው ያለቀስኩበት ቀን

ጣሊያን አውጫጭኝ ከከለከለ ወዲህ፣ እኛ ከማርቆስ ዳር ያለነው ሰዎች ሌባ መጫወቻ አደረገን። መንደሩ ተሰብስቦ ተጠያይቆ ካላወጣው ሌባን ማን ያወጣዋል? የእኛም በሬ በእርሻ ወቅት ተሰረቀ። ከለቅሶ በቀር መሰብሰብ ስለማይፈቀድ፣ መንደርተኛው ግቢያችን ውስጥ ለቅሶ አስመስሎ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ዳኛው አያቴ ነበሩ። ገና ሲጀምሩ አንድ የማናውቀው ባንዳ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ።

“ማን ሞቶ ነው?” አለ።

ማን ሞተ እንደምንል ማንም አላሰበበትም ነበር። እኔ እንግዳ ሲመጣ ከእናቴ ጀርባ የምደበቀዋ ልጅ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ “ወይኔ አያቴን!” ብዬ ደረቴን መታሁ። አያቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ከእኔ ብሰው ማልቀስ ጀመሩ። መንደሩም ተቀበለን። ባንዳው ባርኔጣውን አውልቆ፣ “እግዜር ያጥናችሁ” ብሎ ወጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሌባው ታወቀ፤ በሬያችንንም ራሱ እየጎተተ አመጣው። ሴቶቹ እልል ሲሉ አያቴ ጠሩኝ።

“ስሚ አንቺ፣” አሉኝ እየሳቁ፣ “የእውነቱ ቀን ከዚህ አሳንሰሽ ብታለቅሺ፣ ተነስቼ ነው የምቆጣሽ!”