የዚያ ማክሰኞ ቀለም

ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡር ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ የማተሚያ ቤታችን ሠራተኞች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ በፊት ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ወንበር ከመጋዘን ተሸክማችሁ ያመጣችሁ፣ አዳራሹን የጠረጋችሁ፣ እጃችሁ አይድከም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እዚህ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጥግ ይዤ ሌላው የሚናገረውን የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ዛሬ እኔ ልናገር፤ የሚጽፍ ካለ ይጻፍ።

የመድረክ መሪው "እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ" ብሎኛል። አምስት ደቂቃ ይበቃታል ያሉት ምክትል ሥራ አስኪያጁ እንደሆኑም ሰምቻለሁ። ትንሽ አሳልፋለሁ። ምን ታደርጉኛላችሁ? ከነገ ጀምሮ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍብኝ ሰው አይደለሁም!

ለስጦታውም አመሰግናለሁ። ወርቅ የተቀባ እስክሪብቶ ነው። የመረጠው ሰው ወይ ጭራሽ አያውቀኝም፣ ወይ ከሚገባው በላይ ያውቀኛል።

አዲሶቹ ልጆች የምታውቁኝ የወረቀት መጋዘኗ ሴትዮ እያላችሁ ነው። መጋዘን የገባሁት ግን የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የማኔጅመንቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ገቢና ወጪ ደብዳቤም የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። ሁሉንም የምጽፈው ቀለም ከጠርሙስ እየሳበ በሚሞላ በአንዲት ብዕር ነበር።

ሰው መቼም ያለ ሱስ አይኖርም። የእኔ ሱስ ቀለም ነው። መስኮቴ ላይ ሰባት ጠርሙስ ተደርድሮ ነበር። ሐምራዊው እርጥብ ሳለ ጥቁር ይመስላል፤ ሲደርቅ ነው መልኩን የሚያወጣው። ቡናማው ለረጅም ደብዳቤ ነው፤ ዓይን አያደክምም። በብርቱካናማው የገበያ ዝርዝሬን እጽፋለሁ፤ ሽንኩርትና ሳሙና እንኳ በብርቱካናማ ሲጻፉ ደስ ይላሉ። ስብሰባው ደረቅ ከሆነ ደማቅ ቀለም እሞላለሁ፤ እንቅልፌን ያባርርልኛል። የበሩ ዘበኛ ጠዋት ሲያየኝ "እትዬ፣ ብዕርሽ ዛሬ ምን ለበሰች?" ይለኝ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ብዕሬን ሳላጥብ ቀለም እለውጣለሁ። ሐምራዊው ሊያልቅ ሲል በላዩ አረንጓዴ እስባለሁ። ያን ቀን የሚወጣው ቀለም ስም የለውም፤ ሐምራዊም አይደል፣ አረንጓዴም አይደል፤ ሊዘንብ ያለ ሰማይ ይመስላል። በማግሥቱ አረንጓዴው ያሸንፋል፤ ያ ቀለም ድራሹ ይጠፋል። በጣም የምወደው እሱን ነው።

እንግዲህ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ብዕሬ ውስጥ በቀረችው ሐምራዊ ላይ አረንጓዴ ስቤ ወደ ሥራ ገባሁ። በአራት ሰዓት ስብሰባ ነበረ። መካኒካችን ለብቻው ተጠርቶ ገባ። የድሮዎቹ ታስታውሱታላችሁ፤ ማሽን ሲያመው ከድምፁ የሚያውቅ ሰው ነበር።

"የወረቀት መቁረጫው መከላከያ ተሰብሯል። እጅ ቢገባበት ማሽኑ አይቆምም። እስኪጠገን ይዘጋልኝ" አለ።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። "ሐሙስ የምናስረክበው ሥራ አለ። ተጠንቅቀው ይሥሩ በላቸው።"

"ጌታዬ፣ ቢላዋው እኮ ተጠንቅቆ አይቆርጥም።"

"ጨርሰናል፤ መሄድ ትችላለህ።"

አንድም ቃል ሳላስቀር ጻፍኩት። ሥራዬ ነበርና።

በዘጠነኛው ቀን ያ ማሽን የአንዲት ጠራዥ ሁለት ጣት ቆረጠ። የቀኝ እጇን። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ልናገር ወይ ብዬ አስፈቅጃታለሁ፤ "ተናገሪ እትዬ፣ ጮክ ብለሽ ተናገሪ" ብላኛለች። ሁላችሁም የማታውቁት ነገር፣ የመካኒኩ የሚስቱ እህት ናት። እዚህ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቃለ ጉባኤው ይቅረብ ተባለ። መዝገቡ ከጠረጴዛዬ ላይ ተወሰደና ፎቶ ኮፒው ብቻ ተመልሶ መጣ። አነበብኩት። "መካኒኩ ማሽኑ ያለ ምንም ችግር እየሠራ መሆኑን አስረድቷል" ይላል።

"ይህን እኔ አልጻፍኩም" አልኩ።

"የእጅ ጽሑፉ የማን ነው?" አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

"የእኔን ይመስላል። የእኔ ግን አይደለም። ዋናውን አሳዩኝ።"

ያኔ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። ክቡር ምክትል፣ ሳቅዎን አስታወሱት? "ይቺ ሴትዮ እኮ እስስት ናት! ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ሐምራዊ፣ ረቡዕ ቀይ ትጽፋለች። በየቀኑ መልኳን የምትቀይር ሰው የጻፈችውንና ያልጻፈችውን በምን ታውቃለች?" አሉ። ኮሚቴውም አብሮ ሳቀ። ዋናው መዝገብ ሳይታይ ቀረ።

ኮፒ ማሽን ለቀለም ደንታ የለውም። ሁሉንም ያጠቁረዋል።

መካኒኩ "በቸልተኝነት" ተባለና ተባረረ። እኔም ቁልፌን አስረክቤ መጋዘን ወረድኩ። በሳምንቱ "ማንኛውም የጽሕፈት ሥራ በሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ይከናወን" የሚል ማስታወቂያ ወጣ። በየኮሪደሩ "እስስቷ መጣች" ስትሉኝ እሰማ ነበር። አሁን አትሸማቀቁ፤ ከመካከላችሁ ያላለኝ ጥቂት ነው። ያ ቅጽል ስም ያማል። ከዚያ የባሰው ግን የምወደው ነገር የሰው እንጀራ መቁረጫ ተደርጎ መዋሉ ነው። ስንት ቀን ጠርሙሶቹን ልጥላቸው አንስቼ መልሻቸዋለሁ።

መካኒኩ መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ ብስክሌት ይጠግን ጀመር። ጠራዧ የተፈረደበትን ወረቀት እውነት ብላ ሰላምታ ነሳችው። እህትማማቾቹ ተኳረፉ። የእህትማማች ልጆች፣ በአንድ ደብተር የሚያጠኑ ልጆች፣ ሲተያዩ መንገድ እየተሻገሩ ማለፍ ለመዱ። ሰባት ዓመት ሙሉ!

ምን አለ ሰው? ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የወረቀት ጥቅል እየቆጠርኩ፣ በልቤ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።

አምና ክብርት ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ሲመጡ፣ የቆየ ሰነድ ሁሉ ተዘርዝሮ መጋዘን ይግባ የሚል ትእዛዝ ሰጡ። ከምክትል ሥራ አስኪያጁ ቁም ሣጥን ዕቃ ሲወርድ ያ መዝገብ አብሮ ወረደ። ክቡር ምክትል፣ ሰው ጠላቱን መጋዘን ሲያስቀምጥ መጋዘን ምን እንደሚገባ ማሰብ አለበት።

ገለጥኩት። የዚያ ማክሰኞ ገጽ ጥርት ያለ ሐምራዊ ነው!

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚያ ሰሞን ከመስኮቴ ሐምራዊው ጠርሙስ ጠፍቶ ጽዳት ሠራተኛዋን የጠረጠርኩበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። የጻፈው ሰው የፊተኞቹን ገጾች አይቶ ቀለሙን አመሳስሏል፤ ልፋቱ አይካድም። የዚያን ቀን ብዕሬ ውስጥ ንጹሕ ሐምራዊ እንዳልነበረ ግን አላወቀም። ምን ያድርግ፣ ቀለም አይቶ አያውቅም!

ወዲያው የደብዳቤ መመዝገቢያውን ፈለግኩ። እሱን ማንም አልነካውም፤ ማን ትዝ ይለዋል? በዚያው ማክሰኞ በሦስት ሰዓት የገባ ደብዳቤ መዝግቤያለሁ፤ ስም በሌለው ቀለም። በስድስት ሰዓት የወጣም መዝግቤያለሁ፤ በዚያው ቀለም። ከስብሰባው በፊትም በኋላም ሊዘንብ ያለ ሰማይ ነው። መሐል ላይ ብቻ ሐምራዊ እንዴት ብልጭ አለ? ያለችኝ ብዕር አንድ መሆኗን ደግሞ አገር ያውቃል።

ሁለቱን መዝገብ ይዤ ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። መስኮቱ ጋ ወስደው አዩና ስልክ አነሡ። ጡረታ የወጡት የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ተጠሩ። ሽማግሌው ገጹን ዳብሰው "አዎ፣ እኔ ነኝ የገጠምኩት። ምክትሉ የፊተኛው ገጽ ቀለም ፈሶበት ነው ብለው በቦታው የሚገባ አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጡኝ። ምን እንደሚል አላነበብኩም" አሉ። ፈርመዋልም።

ውሳኔው ትናንት ወጣ። ወዴት ነው ክቡር ምክትል? ስልክ ነው? አልጮኸም እኮ። ይቀመጡ፤ ውሃም አለ፣ ይጠጡ።

ውሳኔው መካኒኩ ከጥፋት ነጻ መሆኑን፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ታግደው ለሕግ እንደሚቀርቡ ይገልጻል። ትናንት ሥራ አስኪያጇን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ "ደብዳቤው ከስንብቴ በኋላ ይድረሳቸው" አልኩ።

"ለምን?" አሉኝ።

"ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲሰሙ ማየት ስለምፈልግ።"

"ደብዳቤው ሰኞ ነው የሚደርሳቸው። እርስዎ በስንብትዎ ምን እንደሚናገሩ እኔ አልጠየቅኩም" አሉ።

ይኸው አሁን ሰሙ።

አንዳንዶቻችሁ "እትዬ፣ በመጨረሻ ቀንሽ ይቅር ብትዪ ምናለ?" ትሉ ይሆናል። የመካኒኩን ይቅርታ መካኒኩ ይስጥ። የጣቶቹን፣ ባለ ጣቶቿ ትስጥ። የእኔን ድርሻ ግን አልሰጥም። ሰባት ዓመት ያሳደግኩት ቂም ነው፤ ዛሬ ወግ ማዕረግ አየ።

መካኒኩን ና ብዬው ነበር። "እዚያ ደጃፍ አልመለስም፤ ስሜን ብቻ መልሱልኝ" አለኝ። ነጻ መባሉ ከነስሙ ከሰኞ ጀምሮ በራችን ላይ ይለጠፋል።

ለጠራዧ ባለፈው እሑድ ነበር የነገርኳት። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። የሆነውን በኋላ ነገረችኝ። እሱ ሸራው ሥር ጎንበስ ብሎ ጎማ እየፈታ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለችው።

"አውቄሻለሁ፤ ኮቴሽን አልረሳሁም" አለ፣ ቀና ሳይል።

ጎማው እየተንሸራተተ አስቸገረው። ቁጭ አለችና በሦስት ጣቷ ያዘችለት። እሱ ፈታ። እስኪመሽ አብረው ሠሩ።

በሉ እንግዲህ፣ ልመርቃችሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ሆኖም እሞክራለሁ። ወጣቶች፣ የምትፈርሙበትን ወረቀት አንብባችሁ የምትፈርሙ ያድርጋችሁ። ማሽን ላይ ያላችሁ፣ ጠዋት እንደገባችሁ ሙሉ አካል ይዛችሁ ወደ ልጆቻችሁ ግቡ። ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ ወንበርዎ ይጽና። በሥራ ያለ በሥራው ይክበር፣ የታመመ ይዳን፣ የተኳረፈ ይታረቅ።

ለእርስዎም ምርቃት አለኝ፣ ክቡር ምክትል። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ጤናም ይስጥዎ። ጸጉርዎ ሲሸብት፣ ጉልበትዎ ሲደክም፣ ዓይንዎ ሲፈዝ፣ ማስታወስዎን ግን አንዲት ቀን እንኳ አይንሳዎት።