የሟች ጋቢ

ጠላት አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ባላምባራስ ይገዙ ጠበል በቅል ይዘው ወደ ኮልፌ ሲመለሱ ወንዙ መሻገሪያ ላይ የጎረቤታቸውን የወዬሳን ልጅ ደበላን አገኙት። ደበላ ከወረራው በፊት ከአንድ የሚሲዮን ሐኪም ዘንድ የተማረ፣ አሁን ጠላት በያዘው ሆስፒታል፣ በሽታ በሚመረመርበት ክፍል የሚሠራ ወጣት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ ባላምባራስ። ለልጅዎ ለገብረማርያም ቀብር ሳልደርስ ቀረሁ።»

«አንተማ ከየት ትደርሳለህ! ለጠላት ደም ትቀዳለህ አሉ።»

ወጣቱ ወደ ቅሉ አየ። «ጠበሉ ለማን ነው?»

«ለእሙ። ከልጄ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። አምስት ቀን አተኮሳት፣ ተዋት፤ ተመስገን ብለን ሳንጨርስ ትናንት ደግሞ ተነሣባት። የአባቷ ኀዘን ነው።»

«ገብረማርያምንስ ትቶት ነበር የተመለሰበት?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ባላምባራስ፣ እሙ ምን ለብሳ ነው የምትተኛው?»

«የአባቷን ጋቢ ነዋ! ሌላ ምን ትለብስ?»

በባላምባራስ ቤት ከአያት የወረደ ወግ ነበረ። የሟች ጋቢ ተዝካሩ እስኪወጣ ውሃ አይነካውም፤ ለሟቹ የቀረበው ሰው እንዳለ ይለብሰዋል። ማጠብ ሟቹን እንደ መጸየፍ ይቆጠር ነበር።

«እንግዲያው በሽታው ግርሻ የሚሉት፣ ትቶ የሚመለስ ትኩሳት ይመስለኛል» አለ ደበላ። «የሚያጋባውም በልብስ ስፌት ውስጥ የምትደበቅ ቅማል ናት።»

«ቅማል!» ባላምባራስ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «በእኔ ቤት? አባትህ ወዬሳ እንኳ በፊቴ እንዲህ አይደፍርም!»

«ይቆጡኝ፣ ግን ይስሙኝ። በእኔም ቤት አለች። ይህን የደረሱበት በሐሩር አገር ሕዝብ የሚፈጀውን ደዌ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሐኪሞች ናቸው። አንዳንዶቹም በዚያው ደዌ ሞተዋል።»

«የምን ሐሩር? እዚህ ኮልፌ ጥርሳችን በብርድ እየተንገጫገጨ!»

«ይኸኛውስ ብርድ ይስማማዋል። ሰው ሲበርደው ይደርባል፣ ተቃቅፎ ይተኛል፤ ቅማሏም ትሻገራለች። ሬሳ ሲቀዘቅዝ ጥላው ሌላ ገላ ትፈልጋለች። በጥፍራችን ስናፈርጣት ደግሞ መርዟ በቧጨርነው ቆዳ ይገባል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ የበሽተኛ ደም ጠብታ መስታወት ላይ ተቀብታ በማጉያ መነጽር ስትታይ፣ የተጠማዘዘ ክር የመሰለ ነገር ይርመሰመስባታል።»

«የጠላት መነጽር ያሳየህን ታምናለህ?»

«መነጽሩ የማንም ይሁን፣ ደሙ የእኛው ሰው ደም ነው። ጠላት አንድ ቀን ይወጣል፤ ያላወቅነው በሽታ ግን እዚሁ ይቀራል። ጠበሉን ያጠጧት፣ እኔ አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ያ ጋቢ ቀድሞ የማን ነበር?»

«የወንድሜ የአምሐ።»

«እሳቸው በምን ሞቱ?»

«በትኩሳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገብረማርያም ለበሰው። ሳምንት ሳይሞላው አተኮሰው...»

ባላምባራስ ትዝ አላቸው። በአምሐ ለቅሶ ዕለት ልጃቸው «አባባ፣ ታጥቦ ልልበሰው» ብሎ ነበር። እሳቸው «አጎትህን ተጸየፍህ?» ብለው በለቀስተኛው ፊት አሳፍረውት፣ ጋቢውን በገዛ እጃቸው ትከሻው ላይ ጣሉለት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተከናነበው።

ቅሉን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቅሉን አንሥተው «ና፣ እንሂድ» አሉ።

ቤት እንደ ደረሱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለተጻድቅን ውሃ እንዲያፈሉ አዘዙ። እሙ ጋቢውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ «የአባዬ ነው! አልሰጥም!» ብላ ጮኸች።

«አዎን፣ የአባትሽ ነው» አሉና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ። ጋቢው በፈላው ውሃ ሲቀቀል ልጂቱ ታለቅስ ነበር፤ ወይዘሮ ወለተጻድቅም የልጃቸውን ሞት ዛሬ የተረዱ ያህል አለቀሱ። ደበላ ከእሙ ጣት ጠብታ ደም ወሰደ።

በማግስቱ በሽታው መታወቁን ነግሮ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ይዞ መጣ። «ከመርፌው በኋላ ብርቱ ብርድ ያንቀጠቅጣታል፤ አትደንግጡ» አላቸው። እንዳለውም አንቀጠቀጣት። ባላምባራስ እግሯን ይዘው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ለመነች።

የባላምባራስ ደስታ ግን ሙሉ አልሆነም። ልጂቱ ስትድን የአባቷ አሟሟት ተገለጠ፤ ያው ፍል ውሃ ቀድሞ ቢጣድ ገብረማርያምም በኖረ ነበር። ለሟች ያለን ፍቅር የሚያስመሰግን ነው፤ ያልታጠበ ልብሱን በሕያው ላይ መጣል ግን ሌላ መቃብር መቆፈር ነው። ልብሱን የሚቀቅል፣ የበሽተኛን መኝታ የሚለይ፣ ደሙንም ለምርመራ የማይነፍግ ቤተሰብ ልጆቹን ያተርፋል፤ ሐኪሙም ከአንዱ ደም የተማረውን ለሺህ ሰው መድኃኒት ያደርገዋል።

በታኅሣሥ ጎረቤታቸው ቀጄላ በትኩሳት ሞተ። ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ዘመዶቹ ብርድ ልብሱን በበኩር ልጁ ላይ ሊጥሉ ሲያነሡ፣ ባላምባራስ ይገዙ ብድግ አሉ። በሰው ፊት ጥፋታቸውን ተናግረው የማያውቁ ኩሩ ሰው ነበሩ።

«ልጄ ገብረማርያም ይታጠብ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ተቆጥቼ አለበስኩት። በኀዘን የሞተ መስሏችሁ አብራችሁኝ አለቀሳችሁ። ልጄን ለሞት ያበቃሁት እኔ ነኝ። አሁንም ይህን ልጅ አታልብሱት።»

የሟቹ ሚስት ሚስኪ ባላምባራስን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከዘመዶቿ እጅ ነጥቃ፣ ውሃ እንዲጣድ ጮኻ አዘዘች።