ያልከፈትነው የቦኬ ዜማ

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ግብዣ ስላዘጋጃችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከቦኬ ድረስ የመጡልኝ አዴ ሞሚና፣ ገለቶማ! በዚህ የጭሮ ባህል ቢሮ የሕግ ባለሙያ ሆኜ ያልተጨቃጨቅኩት ሰው የለም፤ ዛሬ ግን ሁላችሁም ፈገግ ብላችኋል። ጡረታ መውጣቴ እንዲህ ደስ አሰኛችሁ?

የቅርስ ሕጉን ጥናት ስንጀምር ቦኬ ሄደን ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ሴቶቹ ብቻቸውን ወጥተው ፈጣሪን የሚለምኑበት ዜማ አላቸው፤ ወንድ አይሰማውም። እኔ ሴት ስለሆንኩ አስገቡኝ፣ እንድቀዳም ፈቀዱልኝ። ስንለያይ አዴ ሞሚና ክንዴን ይዘው፣ «እህቴ፣ ለጥናትሽ ይሁን። ሳትጠይቁን ግን ሌላ ቦታ እንዳይሰማ» አሉኝ። ቃሌን ሰጠሁ።

ረቂቁ ላይ ያለው አንቀጽ የመጣው ከዚያ ነው፦ ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ ቅጂው አይሰማም። ሥራዬን ተረክቦ ረቂቁን ለምክር ቤት የሚልከው ጌዲዮን ግን አልተዋጠለትም።

«እትዬ የሺሐረግ፣ ቅርስ የሁላችንም አይደለም እንዴ? እናቶቹ ሲያልፉ ዜማው አብሮ ይቀበር?»

ከልቡ ተጨንቆ ነው። እኔንም ያስፈራኛል። ግን እምቢታቸውን ካላከበርን፣ ማን ሁለተኛ ቤቱ ያስገባናል? እስከ ትናንት አልተስማማንም። እኔ ስወጣ አንቀጹም አብሮኝ የሚወጣ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ሳትገቡ ቀደም ብዬ ብመጣ፣ የመዝገብ ክፍሉ ዳግማዊ ስፒከር ይተክላል።

«የቦኬን ዜማ ልንከፍትልዎት ነው!»

«አስፈቅዳችኋል?»

«ትንሽ ብቻ እኮ ነው፣ ለእርስዎ ክብር!»

ዳግምዬ፣ በፍቅር እንዳደረግከው አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩህም። ግን አዴ ሞሚና እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ቀድሞ ከገባው ሰው ደግሞ ግማሹ ወንድ ነው። ምን ብዬ ዓይናቸውን ልይ? ልቆጣ አፌን ስከፍት ጌዲዮን ተነሥቶ ገመዱን ነቀለው። ከዚያ አዴ ሞሚና አጠገብ በርከክ ብሎ፣ ዜማው ይከፈት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«አይሆንም ልጄ» አሉት።

«እሺ እናቴ» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «አንቀጹ እንዳለ ይላካል» አለኝ።

አለቀስኩ። ምን ይደረግ፣ አለቀስኩ!

እንግዲህ ልመርቃችሁ። የጭሮን ባጃጅ ከፊታችሁ፣ ክፉውን ሁሉ ከመንገዳችሁ ያርቅላችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። የቦኬ ሰማይ ዝናብ አይንሳ። እናንተንም፣ «አይሆንም» ያላችሁን ሰው «እሺ እናቴ» ብላችሁ የምታከብሩ፣ እሱም በሌላ ቀን «ግቡ» የሚላችሁ ያድርጋችሁ። አሜን በሉ።