ጋሼ መለያ እና የጠፋው ፋይል

ኧረ እባካችሁ ወንበር መጎተቱን ተዉትና ስሙኝ! ጋሼ፣ እርስዎም ሰዓትዎን አይዩ፤ ዛሬ የጡረታ መሸኛዎ ነው፤ የሚያስቸኩል ሥራ የለዎትም።

እኚህ ሰው መጀመሪያ የመጡ ቀን የኮሪደሩ መብራት ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እየጠበቅን ነበር። ገና በር ላይ ሲታዩ መሰላል አስያዝናቸው። መሰላሉን ወጡ፣ አምፖሉን ቀየሩ፣ ወረዱ፣ እጃቸውን አራገፉና «እሺ፣ ለሥራ ፈተናው የት ልግባ?» አሉ። ፈታኙ እኮ መሰላሉን ደግፈው የያዙት ሥራ አስኪያጃችን ነበሩ!

ለእንግዶቻችን ትንሽ ላስረዳ፤ ባለሙያዎቹ ታገሱኝ። ፕሮግራም ለደንበኛ ስንሰጥ እንዲቀል ብለን፣ የትኛው ቁጥር የትኛው የኮድ መስመር እንደሆነ የሚናገረውን ክፍል ነጥለን በሌላ ፋይል እናስቀምጣለን። ዲበግ ፋይል እንለዋለን። ፕሮግራሙ ደንበኛው ጋ ሲወድቅ የሚላክልን የቁጥር መዓት ነው። ያንን የሚፈታው የራሱ ጥንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ሌላው፣ ስሙ አንድ ቢሆን እንኳ፣ ይዋሻል። ጥንዶቹ የሚታወቁት ሁለቱም ውስጥ በተጻፈ አንድ መለያ ቁጥር ነው።

እኛ «ይኸው ፋይሉ፣ ስሙ ልክ ነው» ስንል፣ እሳቸው «ስሙን ተወው፤ መለያውን አንብብልኝ!» ጋሼ መለያ ያልናቸውም ለዚሁ ነው። ጸሐፊያችን መንታ ልጆቿን ይዛ የመጣች ቀን ሁላችን «ሲያምሩ!» ስንል፣ እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «በምንድነው የምትለዪያቸው?» አሏት።

«እናታቸው አይደለሁ እንዴ!»

«እሱስ ነው። አባታቸውስ?»

በማግስቱ አባትየው ራሱ ለአንዷ ቀይ ክር አሰረላት።

በቃ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። ከአራት ዓመት በፊት የአምቡላንስ ስምሪት ፕሮግራማችን በጠዋቱ ወደቀ። አስነሡት፣ ደግሞ ወደቀ። የአምቡላንስ ሰዎቹ ሁለት ቀን በወረቀትና በስልክ ሠሩ። ዲበግ ፋይሉ ከማከማቻችን ጠፍቷል። ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ብናደርገው፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከኮዱ እንደ አዲስ ብንሠራው፣ መለያው ሌላ ሆነና አልገጠመም። ጋሼ ደረጃው ሥር የተጣሉትን አሮጌ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ ስም ሳያዩ መለያ ብቻ እያነበቡ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አገኙት። «ሙከራ ሦስት» የሚል ስም ነበረው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ስህተቱ ያለበት መስመር ታወቀ።

ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጃችን «ማነው ያጠፋው?» ሲሉ፣ ጋሼ «ማከማቻው የእኔ ኃላፊነት ነው» አሉ። የክፍል ኃላፊ ሊሆኑ አንድ ሳምንት ነበር የቀራቸው፤ ቀረባቸው። «ግድየለሽ» የሚል ደብዳቤም ማኅደራቸው ውስጥ ገባ።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ቆይ፣ ልጨርስ። ዲስኩ ሞልቶ ነበር፤ ሁለት ፋይል በአንድ ስም ሳይ አንዱ ትርፍ መሰለኝ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረብኝ፤ ሦስተኛው መባረር ነው። ባለቤቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ደረጃው ላይ ተከትያቸው «ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ስል፣ «አውቃለሁ። ልጅህ ሲወለድ ትናገራለህ። አሁን ና፣ ፋይሎቹን በየመለያቸው እንመዝግብ» አሉኝ። ስምንት ወር አብረን መዘገብን። ዛሬ መለያውን ስንጽፍ ጥንዱ ከች የሚልልን በዚያ ማውጫ ነው። ልጄ ተወለደ፤ ሦስት ዓመትም አለፈው። እኔ ግን አልተናገርኩም። መጀመሪያ ፈራሁ፤ በኋላ ለመድኩት።

እትዬ፣ ባለቤትዎ ግድየለሽ ተብለው ቤት ሲገቡ እርስዎ ነዎት ያዩዋቸው። ግድየለሹ እኔ ነበርኩ። ይቅር በሉኝ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ይኸው፣ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ በዚያ ደብዳቤ ቦታ ይግባልኝ። የመጣው ይምጣ።

ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን አይነቅንቁብኝ፤ ለአንድ ቀን እንኳ እኔን ዝም አያሰኙኝ። በሉ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ! ጤናው አይለይዎት፣ ከነገ ጀምሮ እስኪጠግቡ ይተኙ፤ ዛሬ ደግሞ ከዚህ ግቢ ቀና ብለው ይውጡ። ለጋሼ!