ለእትዬ ድምር የጎደለው ብርጭቆ

እትዬ ድምር፣ ዛሬ በሽኝትዎ ቀን እጅዎን ቢያነሱም ባያነሱም እናገራለሁ!

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እትዬ እዚህ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የገቡ ቀን ሥራ አስኪያጁ እኛን የመጋዘን ሠራተኞች ሰብስቦ «ኑ፣ አዲሷን መዝገብ ያዥ ሰላም በሏት» አለን። በሩን ስንከፍት ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጠዋል። ዞር እንኳ ሳይሉ መዳፋቸውን አነሱ። እኛ ሰላምታ መስሎን ሁላችንም እጃችንን አነሳን። ሥራ አስኪያጁም አነሳ! እንደዚያ ተገትረን ስንቆይ እትዬ «ቆዩኝ፣ እየደመርኩ ነው» አሉን። አይ የኛ ነገር! እስኪጨርሱ እጁን ያወረደ የለም።

ያቺ እጅ ስንቱን አስቁማለች! ስልክ ይጮኻል፣ እጅ ይነሳል። ሾፌሩ «መኪናው ሊወጣ ነው» ይላል፣ እጅ ይነሳል። አንድ ቀን የጽዳቷ እህታችን «እትዬ፣ ልጥረግ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» ብትላቸው እጃቸውን አነሱላት።

ኤክሴሉ እኮ ድምሩን በአንዲት ጠቅታ ያወጣዋል። እሳቸው ግን አምዱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየነኩ እንደገና ይደምሩታል። «ኮምፒውተሩ ደመረው እኮ!» ስላቸው፣ «ደመረ፤ ምኑን እንደደመረ ግን ጠየቅከው?» ይሉኛል።

ይህን አመል ያመጣው ያ ጉድ ነው። አንድ ጊዜ ኤክሴሉ አለ ካለው ብርድ ልብስ ከሁለት ሺህ በላይ መጋዘን ውስጥ ጠፋ። ግቢው ተተረማመሰ። ጥርጣሬው ጥበቃችን ጋሼ ላይ አረፈ፤ ማደሪያቸው ሳይቀር ተፈተሸ። የተገኘው አንድ ብርድ ልብስ ነው፣ እሱም የሌላ ፋብሪካ! ጋሼ ሊባረሩ ትንሽ ሲቀራቸው እትዬ አምዱን በጣታቸው ከላይ ጀመሩት። ለካ አናቱ ላይ ራሳቸው የጻፉትን ዓመተ ምሕረት ኤክሴሉ ብርድ ልብስ ነው ብሎ ደምሮታል!

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ዝም ብሎ አስተካክሎ «ተገኘ» ይል ነበር። እርስዎ ግን ግቢው መሀል ወጥተው፣ ሁላችን እየሰማን፣ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዓመቱን ደምሬው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። እኔ የወደድኩዎት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ጥፋትን በሰው ማላከክ አሳፋሪ ሆነ። እናመሰግንዎታለን፣ እትዬ። ነገ ያ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳየው ምን እንደምሆን እንጃ።

በሉ ወደ ዛሬው ጥፋትዎ! ጠዋት «ለራስዎ ሽኝት አይልፉ» ብንላቸው እምቢ ብለው ብርጭቆውን በኤክሴል ደመሩ፤ በጣታቸውም ደገሙት። እስቲ እዩ፣ ሁላችንም ይዘናል። የእትዬ እጅ ግን ባዶ ነው! ምሳ ስናዝዝም፣ የደንብ ልብስ ሲታደልም እንዲሁ ናቸው፤ ሁላችንንም ጽፈው ራሳቸውን ይረሳሉ።

ጋሼ፣ እባክዎ የእርስዎን ይስጧቸው። እሰይ! እኛ ሁለታችን ከኔ እንጋራለን።

እትዬ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። የልጅ ልጆችዎ ያስቁዎት። ከእንግዲህ ሲቆጥሩ ከራስዎ ይጀምሩ። በሉ ወዳጆቼ፣ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ሁላችንም እጃችንን እናንሳላቸው። እሳቸው «በቃ» እስኪሉ ማንም እንዳያወርድ!