ላይኛው ትምህርት ቤት

በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ትርንጎ ደጇ ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ ታላቅ ወንድሟ መምህር በላቸው፣ እሱ በሚያስተምርበት በላይኛው ትምህርት ቤት ለልጇ ለረድኤት የዝውውር ቦታ አግኝቶላት ሳትመዘገብ በመቅረቷ ተቆጥቶ መጥቷል።

በላቸው፦ ዳይሬክተሩን ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ቦታ ነው እኮ። ጠዋቱን ሙሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳችሁ።

ትርንጎ፦ ልፋትህ አልጠፋኝም፣ ጋሼ። ግን ታችኛው ይሻላታል።

በላቸው፦ ታችኛው? አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው የሚታጨቁበት?

ትርንጎ፦ ለምዳዋለች። ጓደኞቿም እዚያው ናቸው።

በላቸው፦ እስቲ አምና ከታችኛው ስምንተኛ ክፍል ተፈትኖ ያለፈ ልጅ ጥሪልኝ።

ትርንጎ፦ የነእልፍነሽ ልጅ አልፏል።

በላቸው፦ እሱንማ ቤቴ አስቀምጬ ያስጠናሁት እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ዳገቱስ? ክረምት ሲገባ ጭቃው አያስወጣትም።

በላቸው፦ ጠዋት ጠዋት በዚሁ አይደል የማልፈው? እጇን ይዤ እወስዳታለሁ። ሌላስ?

ትርንጎ፦ እናንተ ጋ አስተማሪ ይማታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

በላቸው፦ ማን? እኔ? አንቺ ልጅ፣ ሰበብ አትደርድሪብኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጠሽ ስታለቅሺ ማን ነበር ያባበለሽ?

ትርንጎ፦ አንተ።

በላቸው፦ ልጄን ሳላስተምር አልሞትም ያልሽውስ የት ገባ?

ትርንጎ፦ አሁንም እላለሁ። ድምፅህን ቀንስ፣ ታናሽ ወንድሟ ናሆም ተኝቷል።

በላቸው፦ በዚህ ሰዓት? አሞታል?

ትርንጎ፦ አላመመውም። ከተኛ ምግብ አይጠይቀኝም። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ነው።

በላቸው፦ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ፣ መዘጋቱ እሱን ምን አገናኘው?

ትርንጎ፦ ታችኛው ምሳ ያበላሉ፣ ጋሼ። እናንተ ጋ ምገባ አልተጀመረም።

በላቸው፦ ይኼ ነው ነገሩ? ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ? ባለቤቴ አንድ ምሳ ዕቃ ጨምራ መቋጠር አያቅታትም፤ ከእኔ ጋር ትበላለች።

ትርንጎ፦ እሷንስ አበላሃት።

በላቸው፦ ምን ማለት ነው?

ትርንጎ፦ ግማሹን በልታ ግማሹን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ታመጣለታለች። ምግብ አዳይዋም እያየች እንዳላየች ታልፋታለች። ናሆም በር ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቃት።

በላቸው፦ ልብስ የምታጥቢላቸው ሰዎችስ?

ትርንጎ፦ ማሽን ገዙ። ይኼ የማሰጣው የራሳችን ነው፤ ጎረቤት ሥራ ፈታች እንዳይለኝ።

በላቸው፦ ይኼን ሁሉ ለእኔ ሳትነግሪኝ።

ትርንጎ፦ አንተም አራት ልጅ ታሳድጋለህ። ደሞዝህ ከወር ወር እንደማያደርስህ የማላውቅ መሰለህ?

በላቸው፦ ቢሆንም ትርንጎ፣ የልጅቷን ዕድል በግማሽ ምሳ ትለውጫለሽ? ለራስሽ ያለቀስሽውን በእሷ ትደግሚዋለሽ? ቢያንስ ጠይቀሻታል?

ትርንጎ፦ ትናንት ነገርኳት። ላይኛው ገባሽልኝ ብዬ አቅፌ ሳምኳት፤ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ነበር። ዩኒፎርሟን ከየት እንደማመጣ ሁሉ አስቤ ነበር።

በላቸው፦ እሷስ?

ትርንጎ፦ እዚያ ምሳ አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። እንግዲያ አልሄድም አለች።

በላቸው፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እሷ ምኑን ታውቀዋለች?

ትርንጎ፦ ሁሉንም ታውቃለች። እኔም እናቷ ሆኜ፣ እሺ አልኳት።